ጀልባ በሚሄድበት ውሃ ላይ ስለሚሠራ ድልድይ

በሐረር ጀጎል ዙሪያ መርከብ የሚሸከም ወንዝ የለም። ከሸዋ በር፤ ከቡዳ በር፤ ከሰንጋ በር፤ ከኤረር በርና ከፈላና በር የወጣ መንገደኛ በእግሩ ወይም በእንስሳ ይጓዝ ነበር እንጂ ታንኳ የሚሻበት ምክንያት አልነበረውም። ስለዚህ በጀጎል ተቀምጦ ስለ ወንዝ ድልድይ ፈቃድ መናገር ለአንዳንድ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን መንግሥት ለመንገድ ሥራ የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት ምን እንደሚያመጣና ምን እንደሚያስቀር የሐረርን ያህል ያየ ከተማ ጥቂት ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓመተ ምሕረት ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ በሰጡ ጊዜ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ሐረር፤ ከሐረር እንጦጦ፤ ከእንጦጦም እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ እንዲደርስ ተጽፎ ነበር። ዘመኑም 99 ዓመት ነበር። ሐረር በወረቀቱ ላይ በስሟ ተጠርታ ሳለ፤ የተራራው አቀበት ወጪን የሚያበዛ ሆኖ ስለ ተገኘ፤ ባቡሩ በቆላው በኩል ዞሮ በ1895 ድሬዳዋ ገባ። አዲሱም ከተማ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ይባል ነበር፤ ስሙ ወደ ቆላ ሲወርድ ግንቡ በደጋው ቀረ። ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ፈቃዱን የያዘው ኩባንያ በ1894 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ለብቻው ስለ ተዋዋለ፤ ዐፄ ምኒልክ እርሳቸው ያልፈቀዱለት እጅ በአገራቸው መንገድ ላይ መግባቱን አልቀበልም አሉ። ሥራውም ከድሬዳዋ ሳያልፍ ዓመታት ቆየ፤ በ1900 ለሌላ ኩባንያ አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ባለ ፈቃዱ ከማን ጋራ ሊዋዋል እንደሚችል ገና ከመነሻው አጥብቆ መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ከሐዲዱ ወደ ውሃው ስንመጣ፤ በኢትዮጵያ የንግድ መርከብ የተመላለሰበት ወንዝ ባሮ ነው። በግንቦት 1894 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋራ ባደረጉት ውል፤ በኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ ፈቀዱ። ቃሉም የተመጠነ ነበር፤ ይኸውም በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር እንዳይበልጥ፤ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳያልፍ፤ ለፖለቲካና ለጦር ጉዳይ እንዳይውል፤ ዘመኑም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲሆን ነው። ጣቢያው በጋምቤላ ተቋቋመ፤ ወንዙ በሚሞላበት ወራት የእንፋሎት መርከብ ከካርቱም እየመጣ ቡና ይጭን ነበር። ሱዳንም በ1948 ነፃ በወጣች ጊዜ ጋምቤላ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰች፤ የሚያልቅበት ጊዜ በውሉ ውስጥ ተጽፎ ነበርና።

ለድልድይም እንዲሁ ልኩ ሊጻፍለት ይገባል። ባሮ በበጋ ትልቅ መርከብ አይሸከምም፤ የሚሸከመው በክረምት ነው። መሐንዲሱ ግን ለመለካትና ዓምድ ለማቆም የሚመቸው በጋው ነው። በጥር ሰፊ መስሎ የታየው ከፍታ በነሐሴ በጎርፉ ተውጦ ይገኛል፤ ባለ ጀልባውም ይህን የሚያውቀው ራሱ ድልድዩ ሥር በደረሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ከድልድዩ ሆድ እስከ ውሃው ያለው ከፍታ በክረምቱ ሙላት ልክ ተለክቶ በፈቃዱ ላይ ይጻፍ እንላለን። በዓምዶቹ መካከል ያለው ስፋት፤ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ጀልባ የሚያልፍበት መተላለፊያ፤ በውሃው ውስጥ የቀረውን እንጨትና ብረት የሚያነሣው ማን እንደ ሆነም እንዲሁ። ጀጎልን ያሠሩት አሚር ኑር ግንቡን ሲያቆሙ በሮቹን አልረሱም።

በአሜሪካ፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1899 በወጣው ሕግ፤ መርከብ በሚሄድበት ውሃ ላይ ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድና ንድፉም በጦር ሚኒስትሩና በመሐንዲሶች አለቃ ሳይጸድቅ ድልድይ መሥራት ተከልክሎ ነበር። ከ1967 ወዲህ ይህን ፈቃድ የሚሰጠው የባሕር ጠረፍ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ነው፤ እርሱም አስቀድሞ ለሕዝብ ማስታወቂያ አውጥቶ የባለ መርከቦችን አስተያየት ይቀበላል። በእኛም አገር በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51፤ ክልሎችን የሚያገናኙትን አውራ መንገዶችም ድንበር ተሻጋሪ የሆኑትን ወንዞችም ለፌዴራሉ መንግሥት ሰጥቶአል። መንገዱና ወንዙ በአንድ እጅ ሳሉ፤ መንገድ የሚሠራው ስለ ጀልባ፤ ውሃ የሚጠብቀውም ስለ ድልድይ ሳይነጋገር የሚቀርበት ምክንያት የለም።

በግንቦት 2016 በባሕር ዳር በዓባይ ላይ የተመረቀው ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው፤ ለአገር የሚያኮራ ሥራ ነው። ድልድይ ሲመረቅ ርዝመቱና ስፋቱ ይነገራል፤ ከሥሩ ያለው ከፍታ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ አንሰማም። ከጣና ደሴቶች ገዳማት አንዱን የተሳለመ ካህን ግን ታንኳ ለዚያ አገር ሰው ምን እንደ ሆነ ያውቃል።

ባለ ታንኳውና ዓሣ አጥማጁ ጋዜጣ አያነቡም፤ የመሥሪያ ቤቱንም በር አያውቁትም። ከዚህ የተነሣ በእንዲህ ያለ ውሃ ላይ ድልድይ ሲታሰብ ማስታወቂያው ንድፉ ሳይጸድቅ በፊት በገበያ ቀን ይነገር፤ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን፤ ከዓርብ ስግደት በኋላም በመስጊድ ይነበብ። የሚሰጡትም መልስ በጽሑፍ ተይዞ ከፈቃዱ ጋራ በአንድ መዝገብ ይቀመጥ።