ለተማሪ ማደሪያው የትምህርቱ ግማሽ ነው

እኔ በዚህ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከሚፈተኑት የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አንዷ ነኝ። ባለፈው ኅዳር ወር ከአባቴ ጋር ቡና ስንለቅም ሳለን፣ «ልጄ፣ ፈተናውን አልፈሽ ዩኒቨርሲቲ ብትገቢ የት ታድሪያለሽ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ የጠበቅሁት «ምን ትማሪያለሽ?» የሚለውን ጥያቄ ነበርና ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። «ግቢው ውስጥ አልጋ ይሰጡናል» አልኋቸው። «ባይበቃስ?» አሉኝና ቅርጫታቸውን አንሥተው ወደ ሌላው የቡና እግር አለፉ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው።

የአባቴ ጥያቄ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ታላቅ እኅቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ ሩቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የቀድሞዎቹ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ስላልወጡ ለአዲሶቹ የሚሆን አልጋ አልነበረም። ስለዚህ «ጥሪ በቅርቡ ይደረጋል» እየተባለ ወር በወር ተተካ። ከእኅቴ ጋር ወደዚያው የተመደበች አንዲት የሰፈራችን ልጅ ጥሪውን ስትጠብቅ ሽማግሌ ተላከባት፤ ወላጆቿም ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ብለው ዳሯት። ጥሪው ሲመጣ እኅቴ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች፤ ጓደኛዋ ግን በባሏ ቤት እንሰት ትፍቅ ነበር። ውጤቷ ከእኅቴ ይበልጥ እንደ ነበር ሁላችን እናውቃለን። ያች ልጅ አእምሮ አላነሳትም፤ አልጋ አነሳት።

እንደሚታወቀው በ1990 ዓ.ም. በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት የአዲስ አበባውና የዓለማያው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ሆኗል። የእኛው ዲላም እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1992 ዓ.ም. ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ፤ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በስተደቡባችንም ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል። በአባቶቻችን ዘመን የማይታሰብ ነገር ዛሬ በመኪና መንገድ ላይ በግራና በቀኝ ቆሞልናልና ለዚህ ምስጋና ይገባል።

ነገር ግን ትምህርት ቤት ሲያድግ ሁሉም ነገር እኩል አያድግም። አንድ የመማሪያ ክፍል በጧት አንዱን ቡድን፣ ከሰዓት በኋላ ሌላውን፣ ማታ ደግሞ የማታ ተማሪዎችን ያስተናግዳል። አልጋ ግን በፈረቃ አይሠራም፤ ሌሊቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይመሻልና። ተማሪው በትምህርት ሚኒስቴር ተመድቦ ከሩቅ አገር የሚመጣ ስለሆነም አምሽቶ ወደ እናቱ ቤት ሊመለስ አይችልም። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. የሦስት ዓመቱ ትምህርት አንድ ዓመት ተጨምሮበት አራት ዓመት ሲሆን፣ በዚያው ማደሪያ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ክፍል ማደር ነበረበት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና በሽታ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ ሲከፈቱም ያልጨረሰው ተማሪና አዲሱ ተማሪ በአንድ በር ላይ ተገናኙ። የእኅቴ ጥሪ የዘገየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፣ «ዛሬ እኮ ፈተናውን የሚያልፈው ተማሪ ጥቂት ነው፤ አልጋው ይበቃል» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ ይህ መልስ ሊያስደስተን አይገባም። አልጋው የበቃው እኛ ስለ ወደቅን ከሆነ፣ መምህሮቻችን በሚደክሙልን መጠን ተሻሽለን ብዙዎቻችን ባለፍን ጊዜ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው። በተማሪ መውደቅ ላይ የተመሠረተ ማደሪያ መሠረቱ አሸዋ ነው። ማለፋችንን የሚመኝ ሁሉ የምናድርበትንም ከዛሬ ጀምሮ ሊያስብ ይገባዋል።

በሌላ በኩል በግቢው ውስጥ ከቶ አልጋ የማይሰጣቸው አሉ። የማታ፣ የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች፣ በራሳቸው ገንዘብ የሚማሩም ጭምር ቤት የሚከራዩት በከተማ ነው። ዲላ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። የመንግሥት ሠራተኛውም፣ የቡና ነጋዴውም፣ ተማሪውም አንዱን ክፍል ሲሻሙ የሚሸነፈው ኪሱ ቀላል የሆነው ነው። ወንድ ልጅ ሦስትና አራት ሆኖ በአንድ ፍራሽ ላይ ያድራል፤ ለሴት ልጅ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከቤተ መጻሕፍት አምሽታ በጨለማ መንገድ መመለስ አለባት፤ አከራይዋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን የሚቆልፉ ከሆነም ወይ ንባቡን ወይ ቤቱን መተው አለባት። አባቴ «ባይበቃስ?» ያሉት ይህን አስበው ነው።

ይህ ችግር በእኛ አልተጀመረም። ቀድሞ የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ ሄዶ፣ ከመምህሩ ደብር አጠገብ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ደበሎውን ለብሶ ይማር ነበር። ምግቡን መንደሩ ይሰጠው ነበርና ማኅበረሰቡ ተማሪውን እንደ ልጁ ይቆጥር ነበር ማለት ነው። በካይሮም በታወቀው በአል አዝሃር ከየአገሩ ለሚመጡ ተማሪዎች በየአገራቸው ስም ማደሪያ ነበራቸው፤ ከእኛ አገር ለሚሄዱትም የጀበርቲ ሪዋቅ የሚባል ነበረላቸው። በፈረንሣይ አገር ሮቤር ደ ሶርቦን የተባለ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1257 በፓሪስ ለድኾች ተማሪዎች መኖሪያ የሚሆን ኮሌጅ አቋቋመ። ዛሬ ዓለም ሶርቦን እያለ የሚያከብረው ስም የመጣው ከዚያ ማደሪያ ነው። በታላላቆቹ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ውስጥ አልጋ ትንሽ ነገር እንዳልነበረ ከዚህ እንረዳለን።

«ይህ የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። በርግጥ የመንግሥት ሥራ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮም በወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የማደሪያውን ዋጋ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። ስለዚህ አልጋችን ምጽዋት አይደለም፤ ዕዳ የምንገባበት ነውና በሚገባ ልንጠይቀው እንችላለን። ሆኖም ጥያቄ ብቻውን ቤት አይሠራም። እኛም የገደብ ሰዎች ልናደርገው የሚቻለን ነገር አለ ብዬ ስለማምን ሐሳቤን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን አዲስ የመማሪያ ሕንፃ መሠረት በሚጥሉበት ዕለት የማደሪያውንም መሠረት አብረው ይጣሉ፤ የሚቀበሉትንም ተማሪ በወንበር ሳይሆን በአልጋ ይቁጠሩ። ቦታ ሲጠብም ከሩቅ ገጠር ለመጡ ሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ።

ሁለተኛ፣ በዲላ ቤት ያላችሁ ወላጆችና ዘመዶች፣ ለተማሪ ስታከራዩ ዋጋውን ለትምህርት ዓመቱ በሙሉ ወስኑ፤ በፈተና መካከል «ጨምር ወይም ውጣ» አትበሉ። ልጃችሁ ነገ በሌላ ከተማ የሰው ቤት እንደምታንኳኳ አስቡ።

ሦስተኛ፣ ዕድሮቻችንና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበሮቻችን ተመካክረው ለገደብ ሴት ተማሪዎች በዲላ ከተማ አንድ የጋራ ቤት ይከራዩ፤ አቅም ሲገኝም ይሥሩ። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በለቀማ ጊዜ አንድ ኪሎ እሸት ቡና ቢያዋጣ ማንም አይጎዳም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ነገሩን ሽማግሌዎቻችን በሶንጎ ተቀምጠው ቢመክሩበት ከእኔ የተሻለ መንገድ እንደሚያገኙለት አልጠራጠርም።

ይህ አይቻልም የሚለኝ ሰው 2010 ዓ.ም.ን ያስታውስ። ያን ጊዜ እኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበርሁ። ከቤታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ወገኖቻችን ወደ ገደብ ሲመጡ፣ ማንም የአልጋ ቁጥር ሳይቆጥር ቤቱን ከፈተ። በእኛም ቤት እናቴ ቆጮውን ለሁለት ቤተ ሰብ ከፍላ ስታቀርብ፣ ሕፃናቱም ከእኛ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ሲተኙ አይቻለሁ። ለማያውቀው እንግዳ ያን ያህል ቦታ ያገኘ አገር ለገዛ ልጁ አንድ አልጋ አያጣም።

እኛ ተማሪዎችም ነቀፋ አያጣንም። የትምህርት ቤታችንን ወንበር የሚሰብርና ግድግዳውን የሚሞነጫጭር ተማሪ፣ ነገ በዩኒቨርሲቲ የሚጠብቀውን ተደራራቢ አልጋ ከመስበር አይመለስም። የተሰበረውም አልጋ ከኋላው የሚመጣ የአንድ ታናሽ ወንድሙ መኝታ ነው።

የጌዴኦ መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡ ብዙ መሆኑን ማንም ያውቃል። የአባቴ የቡና ማሳ ለእኛ ለአምስት ልጆቻቸው ቢከፈል ለእያንዳንዳችን የሚደርሰን ጥቂት እግር ቡና ነው። ስለዚህ የእኛ ርስት ትምህርት ነው። አባቶቻችን ግን ቡናን ሜዳ ላይ እንዲያው አይተክሉም፤ ከላይ ዋንዛውንና ብርብራውን፣ ከጎኑም እንሰቱን ያቆሙለታል። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዚህ ጥበባቸው ነው። ለቡና ጥላ የሚያስቡ ሰዎች ለልጃቸው መጠለያ ማሰብ አያቅታቸውም።

ይህ መጽሔት ታትሞ ሲወጣ ለአባቴ አነብላቸዋለሁ። ፈተናውን ማለፍ የእኔ ፈንታ ነው፤ ለዚያም ሌሊትና ቀን እሠራለሁ። «የት ታድሪያለሽ?» ለሚለው ግን እኔ ብቻዬን ልመልስላቸው አልችልም። ክቡራን ወላጆችና መምህሮቻችን ሆይ፣ የዚህን ጥያቄ መልስ ከእናንተ እንጠብቃለን።