አምስት ዓመት ለመስኮት?

«ፋርማሲ አምስት ዓመት? መድኃኒት ለመሸጥ?» ይህችን ጥያቄ ያልሰማ የፋርማሲ ተማሪ ካለ እጁን ያውጣ። ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር እንጠየቃለን። በጠያቂዎቻችን አንፈርድም። እነሱ የሚያውቁት ፋርማሲስት በመስኮት ማዘዣ ተቀብሎ፣ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብሎ የሚቀጥለውን ሰው የሚጠራውን ነው።

ትምህርቱ ድሮ አራት ዓመት ነበር፤ ትኩረቱም ኬሚስትሪውና ቅመማው ላይ። በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሥርዓተ ትምህርቱ ሲለወጥ አምስት ዓመት ሆነ፤ የመጨረሻው ዓመት ለተግባር ልምምድ ተሰጠ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ተማሪው ከሐኪሞች ጋር ዋርድ ይዞራል፣ ካርድ ያነባል፣ መድኃኒቶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩ ያያል፣ መጠኑ ለታማሚው ኩላሊት ይበዛ እንደሆነ ያሰላል።

በወረቀት ላይ ማለታችን ነው። ዋርድ ውስጥ ግን ስንት ጊዜ የራውንዱ ጭራ ሆነን፣ ከነርሶችና ከሕክምና ተማሪዎች ኋላ ቆመን፣ የታማሚውን ፊት እንኳ ሳናይ ፈርመን ወጥተናል! አሰልጣኙ ፋርማሲስትም የራሱ ሥራ አለበት። እኛን ማስተማር እንደ ሥራ ካልተቆጠረለት ከየት አምጥቶ ጊዜ ይስጠን?

እስቲ አንድ ተራ ነገር እንውሰድ። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያው ግድግዳውን እንዳይገነባ እንዴት እንደሚያግደው ክፍል ውስጥ እስከ ሞለኪውሉ ተምረናል። አሁን አንዲት እናት የዱቄቱን ጠርሙስ ይዛ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ እስከ ምልክቱ መሙላት፣ መበጥበጥ፣ የቤት ማንኪያ ሁሉ 5 ሚሊ ሊትር እንደማይይዝ፣ ትኩሳቱ ለቀቀው ብሎ በሦስተኛው ቀን ማቆም እንደሌለ... ይሄ ምኑ ይከብዳል ትሉ ይሆናል። ከኋላዋ አሥራ አምስት ሰው ተሰልፎ፣ ልጁ እያለቀሰ፣ እሷም የምትናገረው ሌላ ቋንቋ ሆኖ ሞክሩትና እንነጋገር። ገብቷት እንደሆነ ለማወቅ መልሳ እንድትነግራችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ይህ በስላይድ አይለመድም።

ክፍሉ ይቅር አላልንም። ፋርማኮሎጂ ሳያውቅ ዋርድ የገባ ሰው ጎብኚ ነው። የእኛ ጥያቄ ዋናው ተግባር ለምን እስከ አምስተኛ ዓመት ይቆያል የሚል ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ጥቂት ሳምንት የሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ቆሞ ቢያዳምጥ፣ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ የሚጠይቀውን ደንበኛ ቢያይ፣ ሦስተኛ ዓመት ክፍል ሲመለስ የሚጠይቀው ጥያቄ ይኖረዋል።

ፈተናውም እንዲሁ። አብዛኛው ምርጫ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ለታማሚ ማስረዳት በማርክ እስካልተያዘ ድረስ የሚያጠናው ተማሪ አይገኝም፤ እኛን ጨምሮ።