የቤታችን ዋይፋይ ለምን ይቆራረጣል?

በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነው፤ የዋይፋይ መቆራረጥ።

ከእኛው ቤት ልጀምር። በውጭ አገር የምትኖረው የእህቴ ልጅ እሁድ ማታ ለእናቴ በቪዲዮ ትደውላለች። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት የምታነጋግራት መኝታ ቤቷ ሆና ነው። ወሬው ሞቅ ሲል ምስሉ ቀጥ ይላል፣ ድምፁ ይቆራረጣል፣ ከዚያም ይጠፋል። አንድ ቀን እናቴ ስልኩን አስቀምጣ፣ «ልጅቱን ሰልችቻታለሁ መሰለኝ፤ ሰላምታ ሳንጨርስ ትዘጋብኛለች» አለች። ልጅቷም በበኩሏ እህቴን፣ «አያቴ ተቀይማኛለች እንዴ?» ብላ ጠይቃታለች። በሁለቱ መካከል የገባው ግን ቅያሜ አልነበረም፤ ራውተራችን የተቀመጠበት ቦታ ነበር።

ቴክኒሻን ከመጥራታችሁ በፊት የሚከተሉትን በተራ ሞክሩ።

በመጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ ለዩ። ስልካችሁን ይዛችሁ ራውተሩ አጠገብ ቁሙ። እዚያ ደህና ሠርቶ ጓዳ ወይም መኝታ ቤት ሲደርስ ከተቆራረጠ ችግሩ የዋይፋዩ ሞገድ ነው። አጠገቡ ሆናችሁም ከተቆራረጠ ኮምፒውተር በኬብል አገናኙ። በኬብልም ካልሠራ ከውጭ የሚመጣውን መስመር ጠርጥሩ። ፋይበር ባለበት ቤት «ኤል.ኦ.ኤስ» የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በመስመሩ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው ይህንኑ ንገሩ። በመደበኛ የስልክ ሽቦ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ የላላ ሶኬት ወይም ያለ ፊልተር የተሰካ ስልክ መኖሩን እዩ። አንድ ስልክ ብቻ እያስቸገረ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ፣ በዚያ ስልክ ላይ የዋይፋዩን ስም አጥፍታችሁ የይለፍ ቃሉን እንደገና አስገቡ።

ሁለተኛ፣ ቦታውን ተመልከቱ። የእኛ ራውተር ቡፌ ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ነበር የተቀመጠው። ዳንቴሉ ሙቀት ያፍናል፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሞገዱን ይጋርዳል። ብረት፣ ቆርቆሮ፣ ፍሪጅና ትልቅ መስታወት ሞገድን ይመልሳሉ፤ ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳና ውኃ የሞላ በርሜል ያዳክሙታል። ራውተሩን በቤቱ መሃል፣ ከፍ ባለና ገላጣ በሆነ ቦታ አስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ ሁለቱን ሞገዶች እወቁ። ብዙ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። 2.4 ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም የተሻለ ያልፋል፤ ግን ዝግ ይላል። 5 ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ሲበዛበት ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ሳሎን ውስጥ 5ን፣ ራቅ ያለ ክፍል ውስጥ 2.4ን ሞክሩ። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚሠራው በ2.45 ጊጋኸርዝ አካባቢ በመሆኑ፣ ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት።

አራተኛ፣ ጎረቤትን አስቡ። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የየቤቱ ራውተር እርስ በርሱ ይጋፋል። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። በራውተሩ ሥር በተለጠፈው አድራሻ ገብታችሁ ከእነዚህ ወደ አንዱ ቀይሩና ልዩነቱን እዩ።

አምስተኛ፣ ኤሌክትሪኩን አትርሱ። ምጣድ ሲሰካ የቤቱ መብራት ፈዘዝ የሚል ከሆነ ኃይሉ ወርዷል ማለት ነው፤ ራውተሩም በዚያው ጠፍቶ ሊነሳ ይችላል። ሲነሳ ደግሞ ጥቂት ደቂቃዎች ይፈጃል። የራውተሩን መብራቶች በዚያ ሰዓት ተመልከቷቸው። ራውተሩ ያለ ምክንያት ከፈዘዘ ነቅላችሁ 30 ሰከንድ ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩት። በየቀኑ ይህን ማድረግ ካስፈለገ ግን መፍትሔ አልሆነም፤ አዳፕተሩ ወይም ራውተሩ ራሱ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል።

ስድስተኛ፣ ተጠቃሚውን ቁጠሩ። አንዱ ፊልም ሲያወርድ፣ የሌላው ስልክ ፎቶ ሲጭን ቪዲዮ ጥሪ ይታነቃል። የይለፍ ቃሉ ሰፈሩን ሁሉ ከዞረ ቀይሩት፤ ጥበቃውንም ቢያንስ ደብሊው.ፒ.ኤ.2 ላይ አድርጉት።

ምክንያቱ አልገለጥ ካለ ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዙ፤ ስንት ሰዓት፣ የት ክፍል፣ ምን በርቶ ሳለ ተቋረጠ? መደጋገሙ ራሱ መልሱን ይነግራችኋል። ሞገድ ማራዘሚያ ለመግዛት ካሰባችሁም፣ ሞገዱ በሞተበት ክፍል ሳይሆን በራውተሩና በክፍሉ መካከል፣ ገና ጥሩ ሞገድ ባለበት ቦታ ይሰካ። ያልደረሰውን ሊያራዝም አይችልምና።

እኛ ራውተሩን ከቡፌው አውጥተን ኮሪደሩ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ በላይ ሰቀልነው። በቀጣዩ እሁድ አያትና ልጅ አርባ ደቂቃ አወሩ፤ ማን በማን ላይ እንደዘጋም ተሳስቀው ተጨዋወቱ። እናቴ ግን እስከ ዛሬ፣ «ያንን ሳጥን ዳንቴሉን ገፋችሁ ግድግዳ ላይ ሰቀላችሁት፤ የቤቴን ወግ አበላሻችሁት» ትላለች።

እናንተም ስልኩ በመሃል ሲቋረጥ ከመቀያየማችሁ በፊት ራውተሩን እዩ።