የማዳበሪያው ቆጠራ ከማሳ ይጀምር

ይድረስ ለግብርና ሚኒስትር
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን፣ ለክልል ግብርና ቢሮዎች፣ ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኖች

ክቡር ሚኒስትር፣

የመኸር እርሻ በተቃረበ ቁጥር ከመገናኛ ብዙኃን የምንሰማው ዜና ተመሳሳይ ነው። ይህን ያህል ኩንታል ማዳበሪያ ጅቡቲ ወደብ ደርሷል፤ ይህን ያህሉ ተራግፏል፤ ይህን ያህሉ በመጓጓዝ ላይ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ ብዙ ልፋት እንዳለ አውቃለሁ። ገበሬው ግን ሌላ ጥያቄ አለው፦ በቀበሌዬ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ውስጥ ዛሬ ስንት ከረጢት አለ? ለመዝራትስ ስንት ቀን ቀረኝ? በጭነትና በመጋዘን ሥራ ላይ የቆየሁ ዜጋ እንደመሆኔ፣ የሚኒስቴሩ ዋና መለኪያ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ እንዲሆን ለመጠየቅ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ማዳበሪያ ቀን የማይጠብቅ ሸቀጥ ነው። ኤንፒኤስ የተባለው ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያ የሚገባው ከዘሩ ጋር ነው፤ ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ ከሥሩ አጠገብ ካልተቀበረ ቡቃያው አያገኘውም። ዩሪያም የራሱ ወቅት አለው፤ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ካልተጨመረ ሰብሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን በሚፈልገው ሰዓት ያጣል። ስለዚህ ጤፍ ተዘርቶ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ኤንፒኤስ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ገበሬው ያለ ማዳበሪያ ይዘራል፣ ወይም እየጠበቀ ዝናቡ ያልፈዋል፣ ወይም በሬውን ሸጦ ከጥቁር ገበያ ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያ አጣን ብለው አደባባይ የወጡት የቀን ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ስለሆነባቸው ነው።

መዘግየቱ የሚፈጠረው የት እንደሆነ ለማየት አንዲት መርከብ እንከተል። 50 ሺህ ቶን ዩሪያ ጭና ጅቡቲ ትደርሳለች እንበል። ይህ 500 ሺህ ኩንታል፣ በባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲቆጠር አንድ ሚሊዮን ከረጢት ነው። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ቢጭን 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። ማዳበሪያው ወደቡ ላይ በከረጢት እየተሞላ በቀጥታ መኪና ላይ የሚጫን በመሆኑ፣ መኪናው በሰዓቱ ካልተገኘ ማራገፉም ይቆማል፤ መርከቧ የቆመችበት ቀን ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ይከፈልበታል። ተሳቢው በጋላፊ ወይም በደወሌ ገብቶ ዩኒየኑ መጋዘን ሲደርስም ገና ነው። ጫኝና አውራጅ ያራግፈዋል፤ ወደ ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ተሳቢ ስለማያስገባ እንደገና አይሱዙ ላይ ይጫናል። ሰኔ ከገባ በኋላ ያ መንገድ ጭቃ ነው፣ ድልድይ የሌለው ወንዝም ይሞላል። ከወደብ ይልቅ ረጅሙ ጥበቃ እዚህ፣ ከማሳው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ላይ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ እያንዳንዱ አካል የራሱን ድርሻ ሪፖርት ያደርጋል። ገዢው ውል ፈርሜያለሁ ይላል፣ ወደቡ አራግፌያለሁ፣ አጓጓዡ አድርሻለሁ፣ ዩኒየኑ ተረክቤያለሁ። አራቱም እውነት ተናግረው ገበሬው ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ቀን የማናቸውም ኃላፊነት አይደለም። በአቅርቦት ሥራ የታወቁ ድርጅቶች በመጀመሪያ የሚያስተካክሉት ይህንን ነው፤ የሁሉንም ክፍሎች ሥራ የሚለኩት ዕቃው ተጠቃሚው እጅ በገባበት ቀን ነው። ከዚህ ተነስቼ አምስት ነገሮችን እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ዕቅዱ ከመዝሪያው ቀን ወደ ኋላ ይቆጠር። በቆሎ በሚያዝያና በግንቦት የሚዘራበት ወረዳና ጤፍ በሐምሌ የሚዘራበት ወረዳ እኩል ወረፋ ሊጠብቁ አይገባም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የቀበሌውን የመዝሪያ ሳምንት ያውቃል። ከዚያ ተነስቶ አይሱዙው፣ ተሳቢው፣ መርከቧ፣ ጨረታው መቼ መጀመር እንዳለበት ወደ ኋላ ይሰላ፤ የመጫኛ ቅደም ተከተሉም በዚያው ይወሰን።

ሁለተኛ፣ የመጠባበቂያ ክምችት ይኑር፤ ቦታውም ከወደብ ይልቅ ለማሳ የቀረበ ይሁን። ዩሪያ እርጥበት ካገኘው ይጋገራል፤ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ተደርድሮ ደረቅ መጋዘን ውስጥ ከተቀመጠ ግን ለቀጣዩ ወቅት ያገለግላል። ዛሬ የበጋ መስኖ ስንዴ በመስፋፋቱ ማዳበሪያ የአንድ ክረምት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ዓመቱን ሙሉ በዝግታ የሚፈስስ አቅርቦት በሁለት ወር ውስጥ ከሚጋፋው ይሻላል፤ መኪናም፣ መጋዘንም፣ ጉልበትም ይቆጥባል።

ሦስተኛ፣ ዓይነቱም እንደ ቀኑ ይጠበቅ። ቀድሞ ለሁሉም አፈር በሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ይባል ነበር። የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ከተሠራ ወዲህ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የጎደለው የትኛው ወረዳ እንደሆነ ስለታወቀ ምክሩ ተለይቷል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ነገር ግን ዓይነት በበዛ ቁጥር የስህተት ዕድሉም ይበዛል። የአንዱ ወረዳ ማዳበሪያ ሌላው መጋዘን ከተራገፈ በጠቅላላ ቁጥሩ ላይ ምንም ያልጎደለ ይመስላል፤ ሁለቱም ወረዳዎች ግን ተጎድተዋል። ክትትሉ በዓይነትና በወረዳ ይሁን።

አራተኛ፣ ክምችቱ ለሁሉም ይታይ። በየቀበሌው ማኅበር በር ላይ የገባው፣ የወጣውና የቀረው ከረጢት ከነዋጋው በየዕለቱ ይለጠፍ፤ ተመሳሳዩ መረጃ በስልክ ለወረዳ፣ ለዞንና ለሚኒስቴሩ ይድረስ። ገበሬው መቼ እንደሚመጣለት በእርግጠኝነት ካወቀ ተሸቀዳድሞ በእጥፍ ዋጋ አይገዛም። ጥቁር ገበያ የሚኖረው ከእጥረቱ በላይ ከጥርጣሬው ነው። ከመዝገብ ጠፍቶ የሚሸጥ ከረጢትም ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ፊት ቶሎ ይታወቃል።

አምስተኛ፣ ከውል እስከ ቀበሌ መጋዘን ያለውን ጉዞ የሚያዝና የሚጠየቅ አንድ ኃላፊ ይሰየም። የአጓጓዦች ክፍያም በመጨረሻው መጋዘን ርክክብ ላይ ይመሥረት።

የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የቀይ ባሕር ሥጋትና የጸጥታ ችግር እንዳለብዎ አልዘነጋሁም። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁ ብዙዎቹ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ ለመዞር ተገድደዋል፤ በዚሁ ባሕር የሚመጣልንን ኤንፒኤስ ደግሞ በብዛት የምንገዛው ከሞሮኮ ነው። ግጭት ባለባቸው አካባቢዎችም መንገድ ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ለመግዛትና ቀድሞ ለማስቀመጥ ምክንያት ናቸው። መንገዱ የማያስተማምን ከሆነ ዕቃው መንገዱ ክፍት በሆነበት ወር ማለፍ አለበት። ተኩስ ባለበትም ቢሆን የማዳበሪያ መኪና እንዲያልፍ መደራደር የሁሉም ወገን ግዴታ ነው፤ ያልተዘራ ማሳ የሚያስርበው ሁሉንም ነውና።

በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በጎዴ ስለሚገነባው የማዳበሪያ ፋብሪካ የተፈረመው ስምምነት ተስፋ ሰጥቶኛል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታቀደ ነው። ሆኖም ፋብሪካው የሚያስቀርልን የባሕሩን ጉዞ ነው። ከጎዴ እስከ ጎጃምና ወለጋ ያለው መንገድ፣ የዩኒየኑ መጋዘን፣ የሰኔው ጭቃ ባሉበት ይቆያሉ፤ ፎስፎረስ ያለበት ማዳበሪያም ከውጭ መምጣቱ ይቀጥላል። የሥርጭቱ ሥርዓት ዛሬ ካልተስተካከለ ያን ጊዜ የምናዘገየው የራሳችንን ምርት ይሆናል።

ክቡር ሚኒስትር፣ ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት በመላ አገሪቱ መጀመር እንደሚከብድ ይገባኛል። ስለዚህ ከሚቀጥለው መኸር በፊት ቀድመው የሚዘሩ ጥቂት ወረዳዎች ይመረጡ። ለእያንዳንዱ ቀበሌ ማዳበሪያው መድረስ ያለበት ቀንና በእርግጥ የደረሰበት ቀን ጎን ለጎን ተጽፎ ለሕዝብ ይገለጽ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሳይሸፋፈን ይውጣ። የታወቀ መዘግየት በቀጣዩ ዓመት ሊታረም ይችላል፤ የተደበቀው ግን ይደገማል፣ ዋጋውንም የሚከፍለው ገበሬው ነው።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
የአቅርቦት ጉዳይ የሚያሳስበው ዜጋ