ጤፍ የነርቭ ቱቦ አይዘጋም

የሰው አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚጀምሩት ከአንድ ስስ የሕዋሳት ንጣፍ ነው። ንጣፉ ተጠቅልሎ የነርቭ ቱቦ ይሆንና በተፀነሰ በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ አንጎልና የራስ ቅል ሳይሟሉ፣ ወይም አከርካሪ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ቱቦው እንዲዘጋ የሚረዳው ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ነው። «ጤፍ ሁሉ አለው፤ ፎሊክ አሲድ የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ ቢያስፈልግም ሆድ ሲገፋ ይደርሳል» የሚለው ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ይስታል።

ሆድ ሲገፋ ቱቦው ከተዘጋ ወራት አልፈዋል፤ በ28ኛው ቀን ማርገዛቸውን የማያውቁ ሴቶች ብዙ ናቸው። አትላንታ ያለው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) ማርገዝ የምትችል ሴት ሁሉ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመክረው ለዚሁ ነው። የፈረንጅ ጣጣ? በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተደረጉ ጥናቶች ችግሩን ከአሜሪካው በብዙ እጥፍ በልጦ አግኝተውታል።

ጤፍ በብረት ማዕድኑ ይመስገን፤ ብረት ግን የፎሊክ አሲድን ሥራ አይሠራም። አሜሪካ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በበለጸገ የስንዴ ዱቄት ውስጥ ፎሊክ አሲድ እንዲጨመር ታስገድዳለች። እዚያ ከዚህ ዱቄት የተጋገረ ዳቦ የምትገዛ ሴት ሳታስበው ታገኘዋለች። ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ለምትጋግረው ሐበሻ ግን ግዴታው አይደርስም፤ የፎሊክ አሲድ ክኒን ይበልጥ የሚያስፈልጋት፣ እንግዲህ፣ «አያስፈልጋትም» የተባለችው ናት።