ደመራው ከቤታችን ደጃፍ ይጀመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአብደራፊና በአካባቢዋ መስከረም ሁለት ጥሪዎችን በአንድ ጊዜ ይዞ ይመጣል። አንደኛው የሰሊጥ ጥሪ ነው። ሰሊጥ ባለቤቱን ቆሞ የሚጠብቅ እህል አይደለም፤ ቅጠሉ ቢጫ መሆንና መርገፍ ሲጀምር፣ ፍሬውን የያዘው ሽፋን ሳይከፈት ካልታጨደ፣ በጥቂት ቀናት መዘግየት የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። ሁለተኛው ጥሪ የመስቀሉ ነው። በዚህም ምክንያት የመስቀል ደመራ በሚደመርበት ሰሞን የብዙ ቤት አባት ከእርሻ ካምፕ ነው፤ እናት ለአጫጆች ስንቅ ታሰናዳለች፤ ሕፃናቱም ከሁለቱ ጥሪዎች መካከል ይቀራሉ።

ስለ እነዚህ ሕፃናት ነው የምጽፈው። የመስቀል በዓል ዝግጅት በቤት ውስጥ፣ በልጆች እጅና በልጆች ጥያቄ ካልተጀመረ በአደባባዩ ደመራ ብቻ ሊሞላ አይችልም ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ጊዜው አሁን ነው እንጂ መስከረም 16 ቀን ከሰዓት በኋላ አይደለም።

አንድ የአራት ዓመት ሕፃን በደመራ ዕለት ምን ያያል? በአጎቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ እሳት ያያል፤ ከበሮ ይሰማል፤ ሰው ሲተራመስ ይደነግጣል፤ ከዚያም ያንቀላፋል። በማግስቱ «ትናንት ምን ነበር?» ብለን ብንጠይቀው «እሳት» ይለናል። ሕፃኑ አልዋሸም፤ ያየው እሳት ነውና። እሳቱ ስለ ማን እንደ ነደደ አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም። የመስቀል በዓላችን በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል፤ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም መዝገቡ ለሕፃኑ ተረከዝ ላይ ቁጭ ብሎ ታሪክ አይነግረውም።

በደጋው ሀገር ይህን የሚሞላ ሰው አለ፤ አያት። ምድጃ ዳር ተቀምጠው ስለ ንግሥት እሌኒ የሚተርኩ፣ ችቦው እንዴት እንደሚታሰር በእጃቸው የሚያሳዩ፣ ልጁ ሳያማትብ እንጀራ ሲቆርስ እጁን የሚይዙ አያት። የእኛ ከተማ ግን አብዛኛው ነዋሪዋ ከሌላ ቦታ የመጣባት የሥራ ከተማ ናት። አባት ከጋይንት ወይም ከጎጃም፣ እናት ከዳባት ወይም ከወሎ ወርደው እዚህ ጎጆ ወጥተዋል፤ አያት ግን ከዚያው ከደጋው ናቸው። መንገዱ በማይታመንበት ዓመት ደግሞ እንኳን ሊመጡ፣ ድምፃቸውም በስልክ ሲቆራረጥ ነው የሚሰማ። እንግዲህ በደጋ ሳይታሰብ በራሱ ይተላለፍ የነበረው ትምህርት በቆላ ሆን ተብሎ ካልተሰጠ ይቋረጣል። አደይ አበባን እንኳ ብዙዎቹ ልጆቻችን የሚያውቁት ከቴሌቪዥንና ከስልክ መልካም ምኞት ነው።

«ሰንበት ትምህርት ቤት ምን ይሠራል ታዲያ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃኑን የሚያገኘው በሳምንት ለሁለት ሰዓት ያህል ነው፤ ያውም በመኸር ወቅት ከመጣ። ቀሪውን ሰዓት ሁሉ የሚያገኘው ቤቱ ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዴት ሊያሳድጉ እንደሚገባ በጻፈው ትምህርቱ እጅግ ተግባራዊ ምክር ይሰጣል። አባት በማዕድ ጊዜ የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ በሚገባው ቃል፣ ጣፋጭ አድርጎ ይንገረው ይላል። እናትም አብራ ትቀመጥና ታሪኩን ታጽና። ነገሩ በዚህ አያበቃም፤ በሌላ ቀን ልጁ ራሱ መልሶ እንዲናገረው ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ ያ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሚነበብበት ዕለት ልጁን እጁን ይዞ መውሰድ ነው። ልጁ ሌሎች የማያውቁትን እርሱ አስቀድሞ የሚያውቀው ስለ ሆነ በደስታ ይዘላል፤ ታሪኩም ከልቡ አይጠፋም። ይህ የ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባት ምክር፣ መስቀሉ በተገኘበት በዚያው መቶ ዓመት የተወለደ ሊቅ ምክር ነው። ለደመራም ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም፤ ልጁ ወደ አደባባዩ ሲሄድ የሚያውቀውን ነገር ሊያገኝ ይሂድ።

ታሪኩን በአንድ ምሽት መጨረስ አያስፈልግም። በመጀመሪያው ምሽት መስቀሉ መቀበሩ ብቻ ይነገር። የተደበቀ ነገርን ከሕፃን በላይ የሚወድ የለም። ክርስቶስ የተሰቀለበት መስቀል ሕሙማንን ይፈውስ ስለ ነበር የጠሉት ሰዎች ቀበሩት፤ በላዩም ቆሻሻ እየጣሉበት ተራራ አከለ፤ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም ቦታው ተረሳ። እዚህ ላይ ማቆምና ልጁን «አንተ ብትሆን በምን ታገኘው ነበር?» ማለት ነው። የሚሰጠው መልስ አንዳንድ ጊዜ ከእኛ ስብከት ይበልጣል።

በሁለተኛው ምሽት ንግሥት እሌኒ ትምጣ። የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እናት እንደ ነበረች፣ ወደ ኢየሩሳሌም እንደ ሄደች፣ ብዙ ሰው ጠይቃ እንዳልተሳካላት፣ በኋላም ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ የአባቶቹን ወሬ እንደ ነገራት ይነገር። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ፤ መስቀሉን የቀበሩት አይሁድ መሆናቸውን ስንናገር ልጁ አንድን ሕዝብ መጥላትን ከእኛ እንዳይማር መጠንቀቅ ይገባል። ቦታውን ያመለከተው አረጋዊም ከዚያው ሕዝብ ነበር። ልጁ ይህን ከሰማ ሌላውን ራሱ ያስተውለዋል።

በሦስተኛው ምሽት ደመራው፣ ዕጣኑና ጢሱ ይነገር። እሌኒ እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ ብታነድደው፣ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ መስቀሉ ወዳለበት ኮረብታ አመለከተ። ቁፋሮው መስከረም 17 ተጀመረ፤ መስቀሉ የተገኘው መጋቢት 10 ነው። ስድስት ወር ሊሞላ ሰባት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ይህን ቁጥር ለልጆች አትዝለሉባቸው። ከደመራው በማግስቱ የተገኘ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ ትልልቆችም ጭምር። የእሌኒ እምነት ጢሱን ባየችበት ቀን ብቻ ሳይሆን በእነዚያ ሁሉ የቁፋሮ ወራት ተፈትኗል፤ አባቱ ከክረምት አረም እስከ መኸር በማሳ የሚደክም የአብደራፊ ልጅ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ከዚያ በኋላ እጅ ይሥራ። ልጆች ከግቢ ውስጥ ትንሽ ደመራ ይደምሩ፤ ቁመቱ ከልጁ ወገብ አይበልጥ። የማሽላ አገዳ፣ የሽመል ቁራጭ፣ ካለፈው ዓመት የተረፈ የሰሊጥ አገዳ ሁሉ ይሆናል። ከላዩ የምትቆመውን መስቀል ልጁ ራሱ በክር ይሰር፤ ብትጣመምም ትቁም። ለእንጨት ለቀማ ግን ሕፃናትን ወደ ሣር ውስጥ አንላክ፤ በመስከረም ሣሩ ከቁመታቸው በላይ ነው፤ አብደራፊ የእባብ ንድፊያና የካላ አዛር ሕክምና የሚሰጥባት ከተማ የሆነችው በከንቱ አይደለም። እሳቱም ከታጨደ ሰሊጥና ከሣር ክዳን ይራቅ፤ አንድ ባልዲ ውኃ በአጠገቡ ይቀመጥ፤ ለኩሶ የሚሰጠው ታላቅ ሰው ይሁን። ምሽቱ የወባ ትንኝ ሰዓት ስለ ሆነ ሕፃናቱን ረጅም ልብስ አልብሰን እናውጣቸው።

ልጆች መጠየቃቸው አይቀርም፤ መጠየቃቸውም የበዓሉ ዋና ክፍል ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 እግዚአብሔር ፋሲካን ሲሠራ ልጆች ስለ ሥርዓቱ ትርጉም እንደሚጠይቁ አስቀድሞ ተናግሮ ወላጆች የሚመልሱትን አዘጋጀላቸው፤ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 4ም ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የቆሙት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነው። ደመራውም እንዲሁ ነው። «ለምን አንዱን መስቀል ከሌሎቹ ለዩት?» ሲሉ፣ ከተገኙት ሦስት መስቀሎች የጌታ መስቀል ሙት በማስነሣቱ እንደ ታወቀ እንመልሳለን። «ደመራው ወደዚህ ሲወድቅ ምን ማለት ነው?» ሲሉ ግን የዘመኑን ዕጣ ከአወዳደቁ የማንበብን ልማድ አናውርሳቸው። ጢሱ የጠቆመው መስቀሉን ነው፤ የሰሊጥን ዋጋ አይደለም።

ስለ ወጪም ልናገር፤ ብዙ ቤት የሚቸገረው በዚህ ነውና። ሰሊጡ ሳይታጨድ፣ ገና በማሳ ላይ ባለው ሰሊጥ ገንዘብ ተበድሮ ለልጅ አዲስ ልብስና ለበዓል በግ መግዛት በአካባቢያችን የተለመደ ሆኗል። አበዳሪው ዋጋውን ሲተምን ለማን እንደሚያደላ ሁሉም ያውቀዋል። የወላጅን ፍቅር አልነቅፍም፤ ልጁ ከጎረቤት ልጅ አንሶ እንዳይታይ ነው። ነገር ግን ልጁ መስቀልን የሚያውቀው በአዲስ ጫማ ከሆነ፣ ጫማ ባልተገዛበት ዓመት መስቀል አልመጣም ማለት ነው። አገዳና ክር ብድር አይጠይቁም። ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላ ለቤተ ክርስቲያን ይበቃል።

የምግቡም ነገር እንዲሁ ነው። በ2017 ዓ.ም መስቀል ዓርብ ቀን ውሎ ነበር። ረቡዕና ዓርብን የሚሽሩት በዓላት ልደትና ጥምቀት በመሆናቸው ያ መስቀል በጾም ዋለ። አንዳንድ ቤት ለልጆች እንዴት እንደሚያስረዳ ተጨንቆ ነበር። እኔ ግን እንዲህ ያለው ዓመት ለማስተማር የተመቸ ይመስለኛል፤ ሥጋ ሳይኖር በዓል መሆኑን ልጁ በዓይኑ ያያል። ሰሊጥ ፍትፍት ደግሞ በእኛ ሀገር መቼ ይጠፋል?

አሁን ደግሞ በከተማችን ስላሉት እንግዶች። ለአጨዳ ከደጋው የሚወርዱት ወንድሞቻችን በዓሉን ከቤተ ሰባቸው ተለይተው፣ ከዳስ ሥር ያሳልፉታል። ብዙዎቹ እነርሱም የሕፃናት አባቶች ናቸው። ልጆቻችን የበዓል ዳቦ በእጃቸው ይዘው፣ ከታላቅ ሰው ጋር፣ በአጠገባቸው ላሉት ሠራተኞች ያድርሱ። ከመካከላቸው የአምባሰል ሰው ከተገኘ፣ ግሸንን በዓይኑ ያየ ከሆነ፣ ያስቀምጡትና ይጠይቁት። አፄ ዳዊት የተቀበሉት፣ ልጃቸው አፄ ዘርዐ ያዕቆብም ግማደ መስቀሉን ያሳረፉበት ያ አምባ ራሱ በመስቀል ቅርጽ መሆኑን ያየ ሰው ሲናገር መስማት ለልጅ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ አስቡት። በዓሉ መስከረም 21 ነው፤ ጊዜውም አላለፈም። የራቁት አያት ያልነገሩትን ይህ እንግዳ ይነግራል።

ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ገና ወላጆች አይደላችሁም፤ እንደ እኔ ተማሪዎች፣ ታላቅ ወንድሞችና ታላቅ እኅቶች ናችሁ። አባት በማሳ፣ እናት በጓዳ ሲደክሙ በቤቱ ጊዜ ያለው ማን ነው? ሦስት ምሽት ስልካችንን አስቀምጠን ከታናናሾቻችን ጋር ብንቀመጥ ከመዝሙር ጥናቱ የሚጎድል የለም። ማንበብ የሚችለውን መጽሐፍ ቅዱስ እናስነብበው፤ የማይችለውን መስቀል እናስስለው፤ ሕፃኗን አቅፈን እናማትብላት። በአንዳንዱ አጥቢያ ደመራው በ16 ምሽት፣ በሌላው በ17 ንጋት ይለኮሳልና የአጥቢያችሁን ሰዓት አስቀድማችሁ ከካህናቱ ጠይቁ፤ የቤቱ ትንሽ ደመራ ከቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ጋር እንዳይጋጭ። ሲነጋ ከአመዱ በልጆቹ ግንባር ላይ የመስቀል ምልክት አድርጉላቸው።

አባት ከማሳ የሚመለሰው ምናልባት ጥቅምት ሲጋመስ ነው፤ ነዶው ደርቆ፣ ሰሊጡ ተራግፎ፣ ጆንያው ከተሰፋ በኋላ። ያን ምሽት እኛ አንናገር። ልጁ አባቱ ጉልበት ላይ ይቀመጥና መስቀሉ የት እንደ ተቀበረ፣ ጢሱ ወዴት እንዳመለከተ፣ ቁፋሮው ስንት ወር እንደ ፈጀ እርሱ ይተርክለት። ቢሳሳትም አናቋርጠው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።