አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ ሲነገር

በዚህ የቤተሰብ ዓምድ ስለ መጻሕፍት፣ ስለ ተውኔትና ስለ ፊልም ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ግን ለአንዳንድ ወላጆች ባዕድ መስሎ ሊታያቸው ይችላል። ይኸውም ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው፣ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እራት ቀርቧል ሲባሉ «አንዴ ብቻ!» እያሉ የሚጫወቱት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። «ይህ የልጅ መዝናኛ እንጂ ምን ታሪክ አለው?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። ይሁን እንጂ ከጨዋታዎቹ መካከል እንደ ረጅም ልብ ወለድ የሚነበቡ፣ ባለታሪኮቻቸው የሚዋሹባቸው፣ የሚያፍሩባቸውና የሚሞቱባቸው ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ ስለ ወታደር፣ ስለ ጓደኛ ሞትና ስለ ተውሶ ጀግንነት የሚተርክ በመሆኑ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም በጦር ሠፈር ለሚኖር ቤተሰብ እንግዳ አይሆንም።

ጨዋታው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ነባሩን ሥራ ስኩዌር የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1997 ፕሌይስቴሽን ለሚባለው መሣሪያ በሦስት ዲስኮች አወጣው። ዳይሬክተሩ ዮሺኖሪ ኪታሴ፣ የባለታሪኮቹን መልክ የነደፉት ቴትሱያ ኖሙራ፣ ከታሪኩ ደራሲዎች አንዱ ካዙሺጌ ኖጂማ ነበሩ። ከ23 ዓመታት በኋላ፣ በ2020፣ ስሙን ስኩዌር ኤኒክስ ያሰኘው ኩባንያ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ሠርቶ ማቅረብ ጀመረ። በዚህኛው ኖሙራ በዳይሬክተርነት፣ ኪታሴ በፕሮዲዩሰርነት፣ ኖጂማ በደራሲነት ተመልሰዋል። «ሪበርዝ» የተሰኘው ሁለተኛ ክፍል በ2024 የወጣ ሲሆን፣ ሥራው በሦስተኛ ክፍል እንዲያበቃ ታቅዷል። እንግዲህ ነገሩ የሌላ ሰው እጅ የሌላውን ድርሰት የነካካበት አይደለም። ሰዎቹ በወጣትነታቸው የተናገሩትን ታሪክ ጎልምሰው ራሳቸው ደግመው ተናገሩት።

ታሪኩን ለማያውቀው በአጭሩ እንንገር። ሚድጋር የምትባል ከተማ አለች። ባለጸጎቹ በምሰሶዎች ላይ በተዘረጋ ግዙፍ የብረት ወለል ላይ ይኖራሉ፤ ድሆቹ ደግሞ ከወለሉ ሥር፣ ሰማይ በማይታይበት ሠፈር። ሺንራ የተባለ ኩባንያ ማኮ የሚሉትን የምድርን የሕይወት ኃይል እየመጠጠ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ የራሱም ጦር አለው። ይህን ለማስቆም የተነሡት ጥቂት ሰዎች መሪ ባሬት ይባላል፤ አንድ እጁን አጥቶ በምትኩ የጦር መሣሪያ ያስገጠመ፣ ያልወለዳትን ሕፃን ማርሊንን እንደ ልጁ የሚያሳድግ ግዙፍ ሰው ነው። ክላውድ የተባለው ወጣት በገንዘብ ተቀጥሮ ይከተላቸዋል። የሺንራ ልዩ ጦር የአንደኛ ደረጃ ተዋጊ ነበርሁ እያለ ይናገራል። ይህ አነጋገሩ እውነት አለመሆኑን ቆይተን እንመለስበታለን።

በነባሩ ጨዋታ ከሚድጋር መውጣት የጥቂት ሰዓታት ጉዳይ ነበር። የ2020ው ሥራ ያቺኑ መግቢያ ብቻ ወስዶ በአሥር በአሥር ሰዓት የሚቆጠር ሙሉ ጨዋታ አደረጋት። እንግዲህ እንግዳ ሲበዛ ውኃ የሚጨመርበት ወጥ ማንም ያውቃል። እዚህም ውኃው አልቀረም፤ ከተማዋ ልትጠፋ ቀናት ሲቀሯት ታላቁ ጎራዴኛ የአንዲት ሕፃን የጠፉ ድመቶች ሲፈልግ እናገኘዋለን። ይህን ጎን አልፈን ሥጋው ወዳለበት እንሂድ። እሱም ጄሲ ናት።

ጄሲ በ1997ቱ ሥራ የጥቂት መስመር ሰው ነበረች። ፈንጂ ትቀምማለች፣ የሐሰት መታወቂያ ታዘጋጃለች፣ በክላውድ ዙሪያ ትሽኮረመማለች፣ ከዚያም ሺንራ የድሆቹን ሠፈር ለማጥፋት የብረቱን ወለል ሲያፈርስ ምሰሶው ላይ ትሞታለች። ተጫዋቹ ያዝናል፤ ግን በቅጡ ያላወቃትን ሰው ነው የሚያዝንላት። በአዲሱ ሥራ ግን አንድ ሌሊት ከጓደኞቿ ጋር ወለሉን ወጥታ ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። እናትዋ ለእንግዶቹ ምግብ ስታቀርብ፣ ክላውድ በስተጀርባ ገብቶ የአባትዋን የሥራ መታወቂያ ከመኝታ ክፍሉ ይሰርቅላታል። አባትየውን እዚያው አልጋ ላይ ያየዋል። የማኮ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በማኮ ተመርዞ ራሱን ሳያውቅ ተኝቷል። ጄሲም የተውኔት ሰው ነበረች፤ የዋና ተዋናይነት ዕድል በእጅዋ በገባበት ወቅት ነው አባትዋ የወደቀው። ያን ሌሊት እያየን ፈንጂ መቀመም የጀመረችበትን ምክንያት ማንም ሳይሰብክልን እንረዳዋለን።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ከነባሩ ታሪክ የተነቀለ ነገር የለም። ጄሲ አሁንም ያችው ጄሲ ናት፤ አሁንም ትሞታለች። የተጨመረው ከሞትዋ በፊት ያለው ኑሮ ነው። ዱሮ ስም ብቻ የነበረው ሰው ቤት፣ እናትና የታመመ አባት አገኘ። ልቅሶ ቤት ሄዶ «ማን ነበረ?» ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። እኛ እንደምናየው ታሪክን ደግሞ መሥራት የሚገባው በዚህ ዓይነት ነው፤ ይህ ምዕራፍ ብቻውን ቢወጣም ጠቅላላውን ድካም ያስመሰግን ነበር።

ያልወደድነውን ደግሞ እንናገር። ታሪኩ የሚጀምረው እነ ባሬት የማኮ ማመንጫ ጣቢያ በፈንጂ ሲያፈርሱ ነው። በ1997ቱ ሥራ ፈንጂው የእነሱ ነው፤ ፍንዳታውም፣ በፍንዳታው የሞተው ሰላማዊ ሰውም የእነሱ ዕዳ ነው። ጄሲ ምሰሶው ላይ ስትሞት፣ በእኛ ሥራ ብዙ ሰው አልቋልና ይህ ቅጣታችን ይሆናል የሚል ሐሳብ ተናግራ ነው የምትሞተው። ኋላ ላይ ደግሞ ኬት ሲት የተባለው ባለታሪክ፣ የሺንራ ባለሥልጣን ከሩቅ የሚያንቀሳቅሰው የድመት አሻንጉሊት፣ ያን ቀን ስንት ሰው እንደሞተ ባሬትን ፊት ለፊት ይጠይቀዋል። ባሬት ለምድር ሕይወት ሲባል ጥቂት ሰው መሞቱ የማይቀር ነው ይላል። ኬት ሲት «ጥቂት» የምትለው ለአንተ ነው፣ ለሟቾቹ ግን ሁሉም ነገራቸው ነበር ብሎ ሲመልስለት ባሬት መልስ ያጥረዋል። በጨዋታ ውስጥ እንዲህ ያለ ንግግር የገባበትን ሌላ ሥራ ብዙ አናውቅም።

በ2020ው ሥራ ግን የጄሲ ፈንጂ ትንሽ ነው። ጣቢያውን አፈራርሶ እሳቱን በከተማው ላይ የሚለቀው፣ ሕዝቡን በእነ ባሬት ላይ ለማስነሣት የፈለገው የሺንራ አለቃ ራሱ ነው። ተመልካቹ ይህን ያያል፤ ጄሲ አታይም። ለጄሲ ታሪክ ይህ መልካም ሆኗል፤ ፈንጂው ለምን ይህን ያህል በረታ እያለች ስትብሰለሰል፣ ያላጠፋችውን ጥፋት ተሸክማ ስትሄድ እናያታለንና። ለታሪኩ ጠቅላላ ግን ጎድቶታል። በነባሩ ሥራ ተጫዋቹ መቆጣጠሪያውን ጨብጦ ፈንጂውን ያጠመደው በገዛ እጁ ነበር፤ ዕዳውም በእሱ ላይ ነበር። አዲሱ ሥራ ያን ዕዳ ከእጁ ተቀብሎ ለጠላቱ አስረከበለት። ጀግኖቹን ንጹሕ ለማድረግ ሲባል ከባዱ ጥያቄ ቀለለ።

ከዚህ ሌላ ብዙ ያነጋገረው ነገር መናፍስቱ ናቸው። ታሪኩ ከ1997ቱ መንገድ ሊወጣ ሲል ግራጫ ካባ የለበሱ መናፍስት እየመጡ ወደ ቦታው ይመልሱታል። ባሬት ያለ ጊዜው በጎራዴ ሲወጋ ነፍስ ይዘሩበታል። በመጨረሻም ባለታሪኮቹ እነዚህን የዕጣ ፈንታ ጠባቂዎች ተዋግተው ያሸንፏቸዋል፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ ይታወጃል። ደራሲዎቹ «እንደ ዱሮው ይሁን» የሚሉትን ወዳጆቻቸውን መንፈስ አድርገው ታሪኩ ውስጥ ማስገባታቸው ብልሃት አለው፤ ጥቂትም ያስቃል። ነገር ግን ታሪኩን ለማያውቅ ልጅ እነዚህ ፍጥረታት ምን እንደሚሠሩ ማስረዳት ጭንቅ ነው።

አሁን ወደ ክላውድ ውሸት እንመለስ። ክላውድ የልዩ ጦሩ አባል ሆኖ አያውቅም። ሳይሳካለት ቀርቶ ተራ እግረኛ ወታደር ሆኖ የቀረ፣ በዚህም አፍሮ በትውልድ መንደሩ ፊቱን በራስ ቁር ሸፍኖ ያለፈ ልጅ ነው። ጀግናው ዛክ የሚባል ጓደኛው ነበር። ዛክ አእምሮው የታወከውን ክላውድን እየጎተተ ከእስር አምልጦ፣ ሚድጋር ከሚታይበት ገደል አፋፍ ሲደርስ የሺንራ ወታደሮች ተኩሰው ገደሉት። ክላውድ የሟቹን ጎራዴ አነሣ፤ በታወከ አእምሮውም ታሪኩን ጭምር። በእኛ ባህል የሌላውን ግዳይ የእኔ ነው ብሎ የሚፎክር ሰው ምን ስም እንደሚሰጠው አንባቢ ያውቃል። የዚህ ልጅ ነገር ግን ከውርደት ይልቅ ሐዘን ነው፤ አስቦ አልዋሸም፣ የጓደኛውን ሞት መሸከም አቅቶት ጓደኛውን ሆነ። የመንደሩ ልጅ ቲፋ የሚነግራት ታሪክ ካየችው ጋር እንደማይገጥም እያወቀች ትፈራለች፣ ዝም ትላለች። የ2024ቱ ክፍል ለዚህ ዝምታዋ ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል፤ መልካምም አድርጓል።

ታዲያ በ2020ው ሥራ መጨረሻ ዛክ አይሞትም። በሌላ ዓለም፣ በሌላ የጊዜ መንገድ ላይ፣ ወታደሮቹን አሸንፎ ክላውድን ደግፎ ወደ ሚድጋር ሲሄድ እናየዋለን። ብዙ ተጫዋች በዚህ ደስ ብሎት ይሆናል፤ ዛክ የሚወደድ ልጅ ነውና። እኛ ግን ተጨንቀናል። የክላውድ ታሪክ የተገነባው በዚያ አፋፍ ላይ ባለው ሬሳ ነው። ሟቹ በሌላ በር ሊመለስ የሚችል ከሆነ፣ በሐዘን አእምሮውን የሳተው ልጅ የሳተው ስለ ምንድን ነው?

ይህ ጭንቀት የሚበረታው በኤሪስ ሞት ላይ ነው። ኤሪስ አበባ ሻጭዋ ልጅ ናት። በ1997 የመጀመሪያው ዲስክ ሊያልቅ ሲል፣ ተንበርክካ በምትጸልይበት ቦታ ሴፊሮስ ከላይ ወርዶ በረጅም ጎራዴው ወጋት። ተጫዋቹ ለብዙ ሰዓታት ያሠለጠናት፣ መሣሪያ ያስታጠቃት ጓደኛው ባንድ አፍታ ከሰልፉ ጎደለች፤ ቦታዋም ባዶ ሆኖ ቀረ። ክላውድ አቅፎ ወስዶ ውኃ ውስጥ ለቀቃት። ኪታሴ ከዓመታት በኋላ በሰጡት ቃለ መጠይቅ፣ በእውነተኛው ዓለም ሞት በድንገት የሚመጣ፣ ትቶ የሚሄደውም ባዶነት መሆኑን ለማሳየት እንደፈለጉ አስረድተዋል። ያኔ ልጆች ኤሪስን የሚያስነሣ ስውር መንገድ አለ እየተባባሉ ለወራት ደከሙ። መንገድ አልነበረም።

በ2024ቱ ክፍል ክላውድ ጎራዴውን ሲመክት እናያለን። ወዲያው ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ደም ይታያል፤ ደግሞ ይጠፋል። ጓደኞቹ ሁሉ ያለቅሳሉ። እሱ ብቻ አያለቅስም፤ ኤሪስ አጠገቡ ቆማ ታነጋግረዋለችና። ውኃው ላይ የተደረገው ስንብት አይታይም።

በዚህ ላይ የእኛ አስተያየት ሁለት ነው። መርዶ ተነግሮት ያልተቀበለ ሰው መሳሉን እናደንቃለን። አስከሬን ያላየ፣ አፈር ያላለበሰ ቤተሰብ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና እንደሚል ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት ብዙዎቹ ያውቁታል። ክላውድ የሚያያት ኤሪስ ይህች ከሆነች፣ አዲሱ ሥራ ከነባሩ የጠለቀ ነገር ተናግሯል። ነገር ግን ሰውየው ሞትን መካዱ አንድ ነገር ነው፣ ታሪኩ ራሱ ከሰውየው ጋር ሆኖ ሞትን መካዱ ሌላ ነው። ጨዋታው ሌሎች ዓለማትን እያሳየ፣ ዛክን እያመላለሰ፣ ከሁለቱ የትኛውን እንደያዘ ሳይነግረን አበቃ። ያን ስንብት ባለማሳየቱም ለክላውድ የነፈገውን ልቅሶ ለእኛም ነፈገን።

ልጆቻችሁ ይህን ጨዋታ የሚጫወቱ ከሆነ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ኤሪስ ሞታለች ወይስ አልሞተችም ብላችሁ ጠይቋቸው። ነባሩን ያየው ታላቅ ወንድምና አዲሱን ብቻ ያየው ታናሽ የሚከራከሩት ክርክር ከጨዋታው ያላነሰ ይጥማል። እኛ ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ ከጦርነቱና ከጎራዴው በፊት የምንፈልገው ያን የኬት ሲትን ጥያቄ ነው፤ ፍንዳታውን ያባባሰው ማን እንደሆነ ተመልካቹ ካየ በኋላ ባሬት አሁንም መልስ ያጥረው እንደሆነ።